ቀይ ክር ያለባት ኩባያ

«ከዛሬ ጀምሮ የእትዬ ኩባያ ይቺ ናት» አለች የወንድሟ ሚስት። ከእትዬ ከራሷ የስፌት ሣጥን ቀይ ክር መዝዛ የኩባያዋን ጆሮ ደጋግማ ጠመጠመችው፤ ቋጠረችውና ትርፉን በጥርሷ በጠሰችው። ቁርስ ላይ ነበሩ። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የዘይት ዋጋ መጨመሩን እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረችው፤ ቀጥላም የዘይት ዋጋ መጨመሩን ተናገረች። ነገሩን ያመጣችው ሚጣ ናት። የአራት ዓመቷ ሚጣ የራሷን ወተት ትታ ከአክስቷ ሻይ ፉት ስትል እናቷ ደረሰችባትና ኩባያዋን ከአፏ ነጥቃ ሻዩን ደፋችው። አሁን ደግሞ ልጅቷ ክሩን አይታ ቀናች፤ የኔም ላይ ይታሰርልኝ፣ እኔም ቀይ እፈልጋለሁ ብላ አለቀሰች። ማንም አልመለሰላትም። ፀጉር አስተካካዩ አባቷ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በጣቱ ጫፍ እየለቀመ፣ አንገቱን ደፍቶ ይበላ ነበር።

እትዬ የዚህ ቤት ታላቅ እህት ናት። ወንድሟ እትዬ ይላታል፣ ሚስቱ ከእሱ ወሰደች፣ ልጅቷ ከሁለቱም ሰማች፣ ግቢው ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ሁሉ ተቀበለ፤ አሁን ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ሃምሳን አልፋለች፤ ያለፈችው ግን ሳትወድ ስለሆነ ፀጉሯን በየወሩ ታጠቁራለች፣ እናቴ ብሎ የሚጠራትን ወጣት ሁሉ በክፉ ዓይን ታያለች። ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። ምላሷን የሚፈራው ሰው ከሚወዳት ሰው ይበልጣል። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ለዚያ ክር መልስ አታጣም ነበር፤ «አንገቴ ላይም እሰሪልኝ፣ እንዳልጠፋብሽ» ትላት ነበር። አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው። ምክንያቱም የምርመራዋ ውጤት የሚሰማው ዛሬ ነበር፤ የሚሰማው ነገር ደግሞ ከሚጣ ጋር ትኖራለች ወይስ አትኖርም የሚለውን ይቆርጠዋል። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ከሆነ ዛሬ ማታውኑ ወጥታ መጋረጃ ቤት አብራት የምትሰፋው ሴት ዘንድ ልትጠጋ፣ የማይተላለፍ ከሆነ ደግሞ እንደ ወትሮው ከልጅቷ ጋር አንድ ክፍል ልታድር ተስማምተዋል። ተስማምተዋል ይባል እንጂ የተናገረችው ሚስትየዋ ናት፤ ወንድም ዝም አለ፣ እትዬ ደግሞ ራሷን ነቀነቀች።

«አይቀየሙኝ እትዬ፣ ለልጅቷ ብዬ ነው» አለች ሚስትየዋ ሳህኖቹን እያነሳች። የእትዬን ሳህን ለብቻ በሁለት ጣቷ ነው ያነሳችው። ከዚያም መደርደሪያውን ቀና ብላ አየችና ያቺ ሰማያዊ ጣሳ እስካሁን አለመገኘቷን አስታወሰች። ጣሳዋ የባሏ እናት ዕቃ ነበረች፤ ባለክዳን፣ ሰማያዊ፣ አፏ ላይ ቀለሟ የተላጠ። ከጠፋች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ሚስትየዋ ስለ ጣሳዋ ባነሳች ቁጥር ዓይኗ የት እንደሚያርፍ እትዬ ታውቃለች። የእናታቸውን ዕቃ ለራሷ ብላ ሸሸገች መባሉ ነው። ወንድሟ በዚህ መሃል ተነሳ፤ ሱቅ በጊዜ መክፈት እንዳለበት አጉረመረመ፣ ቦርሳውን አንጠለጠለና ወጣ። ሰሞኑን በጊዜ የመክፈት አባዜ ይዞታል።

ነገሩን የጀመሩት የእሱ ጣቶች ናቸው። ፀጉር አስተካካይ ማሽኑን ማጅራት ላይ ከማሳረፉ በፊት ሁለት ጣቱን ከጆሮ ሥር እስከ ኮሌታ ያወርዳል፤ ብጉር ወይም እባጭ ካለ ምላጩ እንዳይነካው ነው። ወንድሟ ይህን ሳያደርግ ማንንም ነክቶ አያውቅም። ጣቶቹ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ማጅራት በቃላቸው ይዘውታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ደንበኛውን እለያለሁ እያለ ይፎክራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ የቤተሰቡ ተራ ነው። ግቢው መሃል ዱካ ያወጣና መጀመሪያ የሚጣን ማጅራት ይከረክማል፣ ቀጥሎ አጭር ፀጉር የምትወደውን እህቱን ያስቀምጣል። ከስድስት ቅዳሜ በፊት ጣቶቹ በእትዬ ቀኝ ጆሮ ሥር ሲወርዱ ቀጥ አሉ። መለስ ብለው ዳሰሱ፣ ደግሞ መለሱ። ምን ሆነህ ነው ብትለው ምንም አለና ማሽኑን አስነሳ። ማታ ግን እራት ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እትዬ አንገት ላይ ንፍፊት እንዳለና ልጅቷ ትንሽ ፈንጠር ብትል እንደሚሻል ተናገረ። እትዬ ያን ጊዜ ስለ እሷ የተጨነቀ መስሏት ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንገቷ የግቢው ሁሉ አንገት ሆነ። በር ለበር ያለችው ተከራይ ድመቷ ቧጭራት ነው ብላ ቆረጠች፤ ድመቷ የእሷው ነበረች፣ ይህን ግን አላነሳችውም። ጡረታ የወጣው ሾፌር አፍሽን ክፈቺ ብሎ የመንጋጋ ጥርሷን በባትሪ አየና የበሰበሰ ጥርስ መርዙን ቁልቁል እንደሚልክ አስረዳ። እንቁላል ሻጯ ነገሩን ከፀጉር ቀለሙ አመጣችው፤ ጭንቅላት ላይ የቆሰለ ነገር ካለ ማጅራት ያብጣል አለች። ክር በጥርስ መበጠስ ነው ያለም ነበር፤ መስኮት ከፍቶ መተኛት ነው ያለም አልጠፋ። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ስልኩን ከፍቶ ካነበበ በኋላ ለብዙ ቀን ዓይኗን ማየት ፈራ። የቀረውን ደግሞ የውሃ ቧንቧው ጋ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት፤ ጥሏት ስለሄደው ባሏና ስለ ሴት አመሉ። እትዬ ሲሰለቻት፣ ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ድመቷ የበሰበሰ ጥርሴን ነክሳኝ ነው እያለች ታልፋለች። ሰው ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወንበሩን ራቅ ያደርጋል።

ጤና ጣቢያው ከሰዓት ነይ ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ቤት ውስጥ ከዚያች ኩባያ ጋር ተፋጥጣ መዋል አልቻለችም። ሻርፗን አንገቷ ላይ አሳምራ ጠምጥማ በጠዋት ሄደች። መጠበቂያው አዳራሽ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ የነበረ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ስለ ቤት ኪራይ ያወሩ ነበር። ታክሲው በጨመረ ቁጥር ኪራዩ እንደሚጨምር፣ ኪራዩ በጨመረ ቁጥር ሰው ወደ ዳር እንደሚገፋ፣ ዳር ላይ ደግሞ ታክሲ እንደሌለ አንዲት ወፍራም ሴት ለማን እንደምትናገር በማይታወቅ ድምፅ ታስረዳለች። እትዬ ሰው ሲያወራ ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም፤ አንድ ክፍል አሁን በስንት ይገኛል ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ነገረቻት። እትዬ ሻርፗን ነካ ነካ አደረገችና ሁለተኛ ምንም አልጠየቀችም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ገና ከበሩ እናቴ ስላላት ሆዷ አልወደደውም። ከአንገቷ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ውጤት ፊቱ ነበር፤ እሱ ግን ያለፈ ጊዜ የጠየቃትን ሁሉ እንደገና ጠየቃት። ድመት ቧጭሯት እንደሆነ፣ ጥርሷን እንዳመማት፣ ሌሊት ልብሷን በላብ አርሳ እንደምትነቃ፣ ክብደቷ እንደቀነሰ። የቀሚሷ ወገብ እንደሰፋና እሷ ግን ደስ ብሏት እንደነበር ነገረችው። የደም ምርመራዋ ንጹህ መሆኑን፣ ያ የውሃ ቧንቧው ሹክሹክታ ባዶ መሆኑን አስቀደመ። ካንሰር አለመሆኑን ቀጠለ። የእጢ ቲቢ ነው አለ፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ስድስት ወር ይዋጣል፣ ይድናል። እትዬ ቲቢ የሚለውን ስትሰማ ሻርፗን ጠበቅ አደረገች። የሚቋጠርላት ጥቅል፣ የሚጣ ባዶ ግማሽ አልጋ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዓይኗ ላይ መጣ።

«ይተላለፋል?» አለች። የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው።

«የእርስዎ አይተላለፍም። ሳንባዎ ንጹህ ነው። ቲቢ የሚተላለፈው በሳል ነው፤ አንገት አይስልም፣ እናቴ።»

እናቴ ማለቱን ይቅር አለችው። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ተነስታ ልትስመው ምንም አልቀራት። ሐኪሙ ግን አልጨረሰም ነበር። ከእርስዎ ወደ ማንም አይሄድም፣ ወደ እርስዎ ግን ከአንድ ሰው መጥቷል አለ፤ ይህ በሽታ ከድመትም ከጥርስም አይመጣም፣ ከሚስል ሰው ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር ከመኖር ነው የሚመጣው። ቤት ውስጥ የሚስል ሰው አለ ወይ? እትዬ የለም አለች። ቆይታ ወንድሟ ከጥቂት ወራት በፊት ይስል እንደነበር፣ የፀጉር ብናኝ ስለሚገባበት እንደሆነ፣ አሁን ሥራ ላይ ጭምብል ስለሚያደርግ እንደተወው አከለች። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ትንሽ ልጅ አለች ወይ አላት። አራት ዓመቷ ነው ስትለው፣ ነገ ሳይሉ ይዘዋት ይምጡ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይመርመር፣ ልጅቷ ግን ትቅደም አለ። ትንንሽ ልጆች ላይ ይህ ነገር ጭንቅላት ድረስ እንደሚወጣ፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን እንደሚድን ተናገረ። ሁለቱንም ባንድ ዓይነት ድምፅ ነበር ያላቸው።

መድኃኒቱ የሚሰጠው ከግቢው ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ባለ መስኮት ነው። ጀማሪ ሁሉ በየጠዋቱ እየመጣ ነርሷ ፊት ይውጣል፤ ነርሷ አፍ አስከፍታ፣ ምላስ አስነስታ ታያለች። ጤና ጣቢያው የመጠጫ ዕቃ ስለሌለው ሰው ሁሉ የየራሱን ይዞ ይመጣል። አንዱ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ሌላው የጃም ብርጭቆ፣ አንዲት ሴት የሕፃን ጡጦ ይዘዋል። እትዬ ምንም አልያዘችም። ማን ያውሰኝ ብላ ሰልፉን በዓይኗ ስትቃኝ መጀመሪያ ያየችው ጣሳዋን ነው። ሰማያዊ፣ ባለክዳን፣ አፏ ላይ ቀለሟ የተላጠ። ቀጥላ ጣሳዋን የያዙትን ጣቶች አየች፤ አውራ ጣቱ ላይ የመቀስ ዱካ አለ። ፊቱን ለማየት ቀና ማለት አላስፈለጋትም፣ ግን ቀና አለች። ጭምብል አድርጓል። ከጭምብሉ በላይ ያሉት ዓይኖች ሲያይዋት አመድ መሰሉ።

«እትዬ፣ ከሰዓት አልነበር የተባልሽው?» አለ ወንድሟ።

ከታንከሩ ኋላ ወሰዳት። ውሃ የሚንጠባጠብበት፣ ሳር ያበቀለ ጥግ ነበር። መድኃኒቱን ከጀመረ ሁለተኛ ወሩን ሊጨርስ ነው። ከዚያ በፊት ለስንት ወር እየሳለ ዝም እንዳለ አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችም፤ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሳሉን ስትሰማው፣ ትኩስ ነገር ጠጣበት ብላ ስትጮህለት ማደሯን ታውቃለች። ደንበኛ ከሰማ ማጅራቱን የሚሰጠኝ ሰው አይኖርም አለ። ሚስቱ ከሰማች ልጅቷን ይዛ እናቷ ቤት እንደምትገባ፣ አሁን እሱም ቢሆን እንደማያስተላልፍ፣ ነርሷ እንዳረጋገጠችለት እየተጣደፈ ደረደረ። እትዬ ሳታቋርጠው አዳመጠችው። ዝምታ ለእሷ ሥራ ነው፤ ሰርታው አታውቅም።

«አንገቴን ስትዳስስ አውቀሃል» አለችው በመጨረሻ።

እሱ የጣሳዋን ክዳን ከፍቶ ዘጋው።

«አውቀህ ነው እራት ላይ ያወጣኸው።»

ጣሳዋን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ጠርጥራ ነበር እትዬ። ቤት ውስጥ አንድ በሽተኛ እንዳለ ሚስቴ ጠርጥራ ነበር። አንቺ ስትገኚ ተረጋጋች» አለ። ይህንን ሲል ድምፁ ውስጥ ትንሽ እንኳ ተንኮል አልነበረም፤ ልክ እሷም ደስ እንዲላት የሚነግራት ይመስል ነበር።

እትዬ ልትመታው ፈለገች። ታናሿ ነው፤ በልጅነቱ ብዙ ጊዜ መትታዋለች፣ እጇ መንገዱን አይረሳም። ግን የሐኪሙ ቃል ጆሮዋ ላይ ነበር፣ ልጅቷ ትቅደም የሚለው። ሚጣን አስመርምረሃታል ወይ አለችው። አላስመረመረም። ልጅቷን ይዞ ከመጣ ሚስቱ ከማን እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ስለዚህ አላመጣትም። እትዬ እዚያው ፍርዱን ሰጠች። ማታ እራት ላይ ራስህ ትነግራታለህ፣ እኔ አልነግራትም፣ ከአንተ አፍ ይውጣ፤ ነገ ጠዋት ሚጣን ይዘን አብረን እንመጣለን። ወንድሟ ጣሳዋን በሁለት እጁ ጨብጦ በእናታችን ብሎ ማለላት። ከዚያም ወደ ሰልፉ ተመልሶ ተራው ሲደርስ ዋጠ፣ አፉን ከፈተ፣ ምላሱን አነሳ። ጣሳዋን አለቅልቆ አዋሳትና እሷም በእናቷ ዕቃ የመጀመሪያውን ኪኒን ዋጠች።

መጋረጃ ቤቱ ውስጥ የዚያን ቀን ከሰዓት እትዬን ያየ ሰው የታመመች አይላትም። ለአንድ ሆቴል የታዘዘ ከባድ ጨርቅ ነበር፤ ማሽኑ ሥር ሲገባ ክንድ ያዝላል። እሷ ግን እየዘፈነች ሰፋችው። አብራት ለምትሰፋው ሴት ክፍሉን እንዳታዘጋጅላት ነገረቻት፣ አንገት አይስልም ብላም አሳቀቻት። ያናደዳት ነገር ነበር፣ ሆድም ብሷታል፤ ወንድሟ ያደረጋትን ስታስብ መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋት። ግን ማታ ሁሉም ይወጣል። ሚስትየዋ ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሳምንት ታኮርፋለች፤ ከዚያ ወደየት ትሄዳለች? ባሏ እየዳነ ነው። ከሥራ ስትወጣ ክር የምትገዛበት ሱቅ ገብታ አንድ ክንድ ቀይ ሪባን አስቆረጠች። እኔም ቀይ እፈልጋለሁ ብላ የለ። ሪባኑን ጡት ማስያዣዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

ቤት ስትገባ ጥቅሏ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነበር። ብርድ ልብሷ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ተቋጥሯል። ለምናልባቱ ነው አለች ሚስትየዋ ሳታያት። ሚጣ ውስጥ ተኝታለች፤ ሰሞኑን ቶሎ ይደክማታል፣ ትንሽ ታተኩሳለች፣ ጥርስ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ዕድሜ የምን ጥርስ? እትዬ ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና ወንድሟ እስኪመጣ ብላ ዘጋችው። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ክር ያለባት ኩባያ ከሌሎቹ ክንድ ያህል ርቃ ተቀምጣለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት የውሃ ክፍያ ተነጋገሩ። ያልተናገሩት ነገር መሃላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ወንድሟ ሲመጣ ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም። ቦርሳውን በሩ ላይ ሰቀለና እጁን ታጠበ፤ ረጅም ጊዜ ታጠበ። ተቀመጠ። ሚስቱ ሾርባውን እየጨለፈች ውጤቱ ምን አለ ብላ ጠየቀች። እትዬ ወንድሟን አየችው፤ በል እንግዲህ እንደማለት በአገጯ ጠቆመችው። እሱም ተናገረ።

«ሐኪሙን እኔ ራሴ ሄጄ አነጋግሬዋለሁ» አለ ሾርባው ላይ እንዳቀረቀረ። «ቲቢ ነው። ለልጅቷ ሲባል ለጊዜው ሌላ ቦታ ብትሆን ይሻላል ብሏል።»

እትዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም፤ ቀጥላ ከእሱ ሌላ ነገር መጠበቋ ራሱ ገረማት። ለሚስትየዋ፣ ቲቢ ያለበት እሱ እንደሆነ፣ በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ተሰልፎ እንደሚውጥ ነገረቻት፤ ካላመነችም ቦርሳውን እንድትከፍት፣ የጠፋችው ጣሳ እዚያ ውስጥ እንደምታገኛት። ሚስትየዋ ተነስታ ቦርሳውን ከሚስማሩ አወረደች። ከማሽኑና ከፎጣው መሃል ሰማያዊዋን ጣሳ አወጣች። ውስጧ ገና እርጥብ ነበር።

«ከእትዬ ፍራሽ ሥር ነው ያገኘኋት» አለ ወንድሟ። አልቸኮለም። «ላላሳፍራት ብዬ ነው ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኳት። አሁን እንዲህ ትመልስልኛለች ብዬ አላሰብኩም።»

ሚስትየዋ አንድ አፍታ ጣሳዋን፣ አንድ አፍታ ባሏን አየች። እትዬ ያቺን አፍታ አየቻት፤ በር ገርበብ እንደማለት ነበር። የፀጉር ብናኙን፣ ጭምብሉን፣ በጊዜ የሚከፈተውን ሱቅ ሁሉ ሚስትየዋ በዚያች አፍታ ደምራዋለች። ግን ባሏን መጠርጠር ቤቷን ማፍረስ ነው፤ እትዬን መጠርጠር ደግሞ የተቋጠረ ጥቅል ማንሳት ብቻ ነው። በሩ ተዘጋ። ጣሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ዓይንዎን በጨው አጥበው እንዴት እንዲህ ይዋሻሉ፣ በገዛ ወንድምዎ ላይ አለች።

በጫጫታው ሚጣ ነቃች። ዓይኗን እያሻሸች፣ በባዶ እግሯ መጥታ እናቷ ሳትደርስባት እትዬ ጉያ ገባች። ሰውነቷ ይሞቃል። እትዬ ሌላ የምትሰጣት ነገር አልነበራትም፤ ሪባኑን አወጣች። ልጅቷ ቀይ መሆኑን ስታይ ከእንቅልፏ መሃል ሳቀች። እትዬ ልታስርላት ፀጉሯን ከማጅራቷ ሰበሰበችው፤ ጣቶቿ በልጅቷ ቀኝ ጆሮ ሥር ወረዱ፣ ቀጥ አሉ። መልሳ ዳሰሰች። ሁለት ነበሩ። አንዱ ሽምብራ ያህላል፣ ሌላው ከዚያ ይበልጣል።

ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን ያይ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የሚጣን ማጅራት የከረከመው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ባለውም ቅዳሜ። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ማጅራት በቃላቸው የያዙት ጣቶች የገዛ ልጁ ማጅራት ላይ ያለውን አጥተውት አይደለም። ያውቃል። ስንት ቅዳሜ ነው ያወቀው? እትዬ በሕይወቷ ሰው ጠልታ ታውቃለች፤ ባሏን ጠልታዋለች፣ አሠሪዎቿን ጠልታለች። እንደዚያች ሰዓት ግን ማንንም አልጠላችም።

ሚስትየዋ የእትዬን እጅ ተከትላ ራሷ ዳሰሰች። ፊቷ ጠወለገ። ልጅቷን መንጭቃ ወሰደችና ጮኸች። አክብሮቱ ከአፏ ወደቀ።

«አስያዝሻት! ልጄን አስያዝሻት!»

ወንድም ጣቶቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። እትዬ ማድረግ የምትችለው ሁለት ነገር ነበር። እውነቱን ደግማ ብትናገር እሱ ደግሞ በእናታችን ብሎ ይምላል፣ ሚስቱ ታምነዋለች፣ ይህ የዚች ምቀኛ ፈጠራ ነው ተብሎ ሐኪሙም ምርመራውም አብረው ይጣላሉ፤ ሚጣም ትንሽ ታተኩሳለች፣ ጥርስ ሳይሆን አይቀርም እየተባለ ትቆያለች። ጭንቅላት ድረስ ይወጣል ብሏል ሐኪሙ። ሚስትየዋ የምታምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እትዬ ያንኑ ሰጠቻት።

«አዎ፣ ከእኔ ነው የያዛት» አለች። «የእኔ ኃይለኛ ነው። ነገ ጠዋት ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ሂጂ። አክስቷ አስያዘቻት በያቸው። ቶሎ ከደረሱባት ትድናለች።»

ሚስትየዋ እያለቀሰች ረገመቻት። እሺ፣ በጠዋት እወስዳታለሁ፣ አንቺን ግን ሁለተኛ እንዳላይሽ አለች፤ እትዬ ከዚህ ሁሉ የሰማችው እወስዳታለሁ የሚለውን ነው። ሚስትየዋ የጥቅሉን ቋጠሮ ፈትታ ቀይ ክር ያለባትን ኩባያ ከተተችበት፣ ሰማያዊዋንም ጣሳ ከተተችበት፤ አንቺ የነካሽው ዕቃ ቤቴ አያድርም ብላ መልሳ ቋጠረችው። ሚጣ ሪባኑን በእጇ ጨብጣ፣ እትዬ የት ልትሄድ ነው እያለች ደጋግማ ትጠይቅ ነበር። የዚህ ቤት ሰው ለእሷ መመለስን ከጠዋት ጀምሮ ረስቶታል።

ጥቅሉን ተሸክሞ እስከ ውጪው በር የሸኛት ወንድሟ ነው። ግቢው ውስጥ መጋረጃዎች ገለጥ ገለጥ አሉ፤ ግማሾቹን የሰፋቻቸው እሷ ናት። በሩ ጋ ሲደርሱ ጥቅሉን አስረከባት። የሚለው ነገር እንዳለ ታውቅ ነበር፤ ሰው ነውና ስለ ልጁ ይናገራል፣ ይቅር በይኝ ይላል፣ ወይም ቢያንስ ያለቅሳል ብላ ጠበቀችው። ግራ ቀኝ አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ጣሳዋን መልሺልኝ። ነገ መዋጫ የለኝም።»

አየችው። ጥቅሉን መሬት አስቀመጠች፣ በርከክ ብላ ቋጠሮውን ፈታች፣ እጇን ሰደደች። የእናቷን ጣሳ ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ቀይ ክር ያለባትን ኩባያ አወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ጥቅሏን መልሳ ቋጥራ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ መንገድ ጀመረች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየች። ወንድሟ የመንገዱ መብራት ሥር ቆሞ ክሩን በጥርሱ ለመበጠስ ይታገል ነበር።